ለአንገት ጠባሳ መጨነቅ ቅንጦት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አንገት ዲስክ (በአንገት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ስላለው ነገር) ኦፕራሲዮን የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ብዙው ቁም ነገር ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው፣ ሴቶች ከበሽታው ይበልጥ ለጠባሳው እንደሚጨነቁ በትዝብት መልክ አንስተው ያልፋሉ። ነፍስ ለማዳን እየተሞከረ ስለ ቆዳ ማውራት ቅንጦት መስሏቸዋል። እኔ አልስማማም። ስለ ጠባሳዋ ስትጠይቅ የሚሳቅባት ሕመምተኛ ስለ ሌላውም አትጠይቅም። ወይ ዝም ብላ ትፈርማለች፣ ወይ ዝም ብላ ቤቷ ትቀራለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ካሉት ሱቆች አንዷን ተከራይቼ እሠራለሁ። አንገቴ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ። አንዱ የእንቅርት ነው፣ የቆየ። ሌላው የዲስክ ነው፣ የቅርብ ጊዜ። ልጄ ነርስ ናት፤ ከሐኪም አፍ የሰማሁትን ቤት ስገባ እየጠየቅኳት፣ እሷም እያነበበችልኝ ነው ነገሩን የተረዳሁት።

ሕመሙ የጀመረኝ በእጄ ነው። ጣቶቼ ደነዘዙ። መርፌ ይዤ መያዜ አይታወቀኝም። ቁልፍ መትከል፣ ዚፕ መግጠም አቃተኝ። ቆየት ብሎ እግሬም ከበደኝ፣ ደረጃ ስወርድ ማመን አቃተኝ። አንገቴን ብዙም አላመመኝም። ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያታልለው። ያበጠው ዲስክ ሕብለ ሰረሰሩን ሲጫነው ምልክቱ የሚወጣው እጅና እግር ላይ ነው። ስለዚህ ሰዉ ደም ማነስ ነው፣ ብርድ ነው፣ ቫይታሚን ነው እያለ ይከርማል። ወጌሻ ጋ ሄዶ አንገቱን የሚያስጠመዝዝም አለ። እባካችሁ፣ እጁ እየደነዘዘ ያለ ሰው አንገቱን ለማንም አያስጠምዝዝ። ሕብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ከሆነ ያችው ጥምዘዛ ሽባ ልታደርገው ትችላለች።

ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሁለት ዲስክ ተገኘ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው የአንገት አጥንት መካከል። መጀመሪያ የሄድኩበት የግል ሆስፒታል ስሙ ይቅር። ሐኪሙ ፊልሙን አየና «ኦፕራሲዮን ነው፣ ከፊት እንገባለን» አለኝ። «በጉሮሮዬ?» ስለው «ያንን ለእኛ ተዪው» አለ። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነበር። የአንገት አጥንት ያለው ከኋላ ነው፤ እጃችንን ሰደን የምንነካው እሱን ነው። ታዲያ በጉሮሮ ምን ያስኬዳል? የሚነግረኝ አጣሁ። ፎርሙን ሳልፈርም ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ያገኘኋቸው ዶክተር ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አነሱ። «እናቴ፣ ሕብለ ሰረሰርሽን የሚጫነው ነገር ያለው ከፊት ለፊቱ ነው» አሉኝ። ከኋላ ቢገቡ ዲስኩን ለማግኘት ሕብለ ሰረሰሩን ገፋ ማድረግ ሊኖርባቸው ነው፤ አንገት ላይ ደግሞ እሱ አይገፋም። ከፊት ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ከቆዳው ሥር ያለችው ስስ ጡንቻ ትከፈላለች። ከዚያ በኋላ የሚበዛው መግለጥ ነው። ትልቁ የደም ሥር ወደ ውጭ፣ የአየርና የምግብ ቧንቧው ወደ መሃል ይገለጣሉ፤ በመካከላቸው አጥንቱ ይታያል። ዲስኩ ይወጣል፣ በቦታው ትንሽ ኬጅ (የዲስኩን ቦታ የሚይዝ ድጋፍ) ወይም አጥንት ይገባል፣ እንዳይንሸራተት በታይታኒየም ፕሌትና በብሎን ይታሰራል። ሁለቱ አጥንቶች ከጊዜ በኋላ ይገጥማሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ግን መግጠሙ ይዘገይበታል፣ አንዳንዴም ይከሽፍበታል።

ይሄ አዲስ ሙከራ አይደለም። አሜሪካ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ሮቢንሰንና ስሚዝ፣ ሆኖሉሉ የነበሩት ክላዋርድም በየበኩላቸው በፈረንጆች 1950ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ያስተዋወቁት መንገድ ነው። የሁለቱም ዋና ጽሑፍ የወጣው በ1958 ነው። በእኛም አገር ቢሆን ጥቁር አንበሳ የኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ኦፕራሲዮን) ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በፈረንጆች 2006፣ ከኖርዌይ በርገን ባለሙያዎች ጋር ነው። እዚሁ ተምረው እዚሁ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉን። ጎረቤቶቼ ይሄን ሲሰሙ ይገርማቸዋል፤ አንገት የሚነካ ሁሉ ህንድ ወይም ባንኮክ የሚሄድ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ጠባሳው ልምጣ።

ዶክተሩን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው፤ አግድም ነው ወይስ ቁመቱን የሚቀዱት? አልሳቁም። ቀና ብዬ እንድቀመጥ አደረጉኝና አንገቴን ጎንበስ ቀና አስደረጉኝ። ቆዳዬ ራሱ የሚታጠፍበትን መስመር ፈልገው በእስክሪብቶ አሰመሩበት። ከዚያ ጉሮሮዬን በጣታቸው ዳሰሱ። የማንቁርቱ ልም አጥንት የሚገኘው በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት ትይዩ ነው፣ ከሥሩ ያለችው ቀለበት ደግሞ በስድስተኛው። እንደ ምልክት ይጠቀሙባቸዋል፤ ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ ትክክለኛው ዲስክ መሆኑን በራጅ ያረጋግጣሉ። እኔ ልክ ስወስድ የማደርገውን ነው ያደረጉት። እዚያው ልቤ አረፈ።

ጨርቅ ድርና ማግ አለው። በድሩ ሄደህ ከቀደድከው ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይተኛል። በሰያፍ ከቀደድከው ይሳባል፣ ይጨማደዳል፣ ብትተኩሰውም አይመለስም። ቆዳም የራሱ ድር አለው። ላንገር የሚባል የኦስትሪያ የአናቶሚ ሊቅ በፈረንጆች 1861 የሬሳ ቆዳ በክብ ወስፌ እየወጋ ሲመረምር፣ ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው አልቀሩም፤ ሞላላ ሆኑ። ሞላላዎቹን ተከትሎ ሲያሰምር የቆዳው ውጥረት የሚሄድበት አቅጣጫ ወጣለት። አንገት ላይ መስመሩ ወደ አግድም ነው። ስለዚህ አግድም የተቀደደ አንገት ሲድን ጠባሳው እጥፋት ውስጥ ይገባል። ቁመቱን የተቀደደው መስመሩን ስለሚያቋርጥ ይሳባል፣ ይወፍራል፣ ከሩቅ ይታያል።

በተለይ እኛ ጥቁሮች ይሄ ይመለከተናል። ጠባሳ አድጎ እብጠት የሚሆንበት ሰው በመካከላችን ይበዛል። ኬሎይድ ይሉታል። እህቴ ጆሮዋን ስትበሳ ነው የወጣባት፤ የጆሮ ጌጥ ካደረገች ስንት ዘመኗ። ይሄን ለዶክተሩ ነገርኳቸው፣ ካርዴ ላይ ጻፉት። ጠባሳው ሲድን እንዴት እንደምከታተለው፣ ከፀሐይ እንድከልለው፣ ማደግ ከጀመረ ቶሎ እንድመጣ ነገሩኝ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ቁመቱን መቅደድ ግን የሐኪም ስንፍና አይደለም። ይሄ በየቡናው ላይ በስሕተት የሚወራ ነው። አንድና ሁለት ዲስክ ከሆነ አግድሟ ትበቃለች። ሦስትና አራት ከሆነ ብዙ ሐኪሞች የአንገቱን የጎን ጡንቻ ጠርዝ ይዘው ቁመቱን መውረድ ይመርጣሉ፤ ከላይ እስከ ታች ያሳያቸዋላ። ሦስቱንም በአግድም የሚሠሩ አሉ፣ ቆዳውን ከሥሩ ሰፋ አድርገው እየለቀቁ። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር አውቃለሁ። ጠባሳው ከጆሮው ሥር ተነሥቶ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ቡና ላይ የእኔንና የእሱን እያነጻጸሩ «አንቺ ጎበዝ ሐኪም አገኘሽ» ይሉኛል። የእሱ ሐኪም ከእኔው ሊበልጥ ይችላል። የሠራለት ብዙ ነው። ሰውዬው ዛሬ ያለ ከዘራ ይሄዳል።

እጅና እግር መዳኑን የሚወስነው የቆዳው አቀዳደድ አይደለም። ሕብለ ሰረሰሩ ምን ያህል ተጫነ፣ ምን ያህል ጊዜ ተጭኖ ቆየ፣ ጫናውስ በደንብ ተነሣለት ወይ የሚለው ነው። እኔን ዶክተሩ አስቀድመው ነግረውኛል፤ ዋናው ዓላማ እንዳይብስ ማስቆም ነው፣ የሚመለሰው ትርፍ ነው አሉኝ። ብዙው ተመልሶልኛል። የቀኝ አመልካች ጣቴ ጫፍ አሁንም ደንዝዟል። ጥልፍ አልቀበልም፤ ሱሪና ዩኒፎርም እሰፋለሁ።

ታዲያ ጠባሳው ውጤቱን ካልወሰነ ምን ያስጨንቃል ትሉኝ ይሆናል። ይኸውላችሁ። ከብሎካችን አንዲት ጎረቤት አለች። የእኔው ዓይነት ሕመም ነው። አንገቷን ከፊት እንደሚቀዷት ስትሰማ «እኔ እንደ በግ አልታረድም» ብላ ቤቷ ተቀመጠች። ጠበሉንም ሞከረች፣ እሰየው፤ ጠበል ኦፕራሲዮን አይከለክልም። ግን የፈራችው ሞትን አልነበረም። አንገት የሴት ልጅ ክብር ያለበት ቦታ ነው። እናቴ አንገቷን ሙሉ ተነቅሳ ነበር፣ ዙሪያውን በረድፍ በረድፍ። እሷ ለውበት፣ አክስቴ ደግሞ እንቅርቷ እንዲጠፋ ተብሎ። ማተብ የሚታሰረው እዚያው ነው። ሠርግ ሲሆን ወርቁ የሚወርደው እዚያው ነው። ያንን ቦታ ይቀዱሻል ስትባል ሴት ብትደነግጥ ምን ይገርማል? ጎረቤቴ የእኔን አንገት በጣቷ ዳስሳ፣ «ይኸው ነው?» ብላ ነው ወደ ሐኪም የተመለሰችው። ያን ጊዜ ግን እግሯ ብሶበት ነበር። የቆየ ጫና ከተነሣ በኋላም ሁሉም አይመለስም። ቀድሞ አንድ ሰው መስመሩን በእስክሪብቶ ቢያሳያት ኖሮ እዚህ ባልደረሰች ብዬ አስባለሁ።

(ስለ ማተብም ላንሳ። ኦፕራሲዮን ክፍል ስገባ አንገቴ ላይ ምንም ነገር መኖር የለበትም ተባልኩ። ነርሷ ማተቤን ሳትበጥስ ፈትታ እግሬ ላይ አሰረችልኝ። እንዴት ያለች ልጅ ናት! ይሄን የሚያህል ነገር የሚያጽናናው ከማስታገሻ ይበልጣል።)

ከአግድምና ከቁመቱ ይልቅ ልትጠይቁት የሚገባው ነገር ግን ሌላ ነው። በየትኛው በኩል ነው የሚገቡት? በቀኝ ወይስ በግራ? እኔ ይሄ ጥያቄ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ዶክተሩ ናቸው የአንገቴን አሮጌ ጠባሳ አይተው «እንቅርቱ የወጣልሽ በየት በኩል ነው?» ያሉኝ። በቀኝ ነው አልኳቸው። ድምፅሽ ተቀይሮ ያውቃል ወይ አሉኝ። ከዚያ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላኩኝ፤ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ ገብቶ የድምፅ አውታሮቼን አየ። ሁለቱም በደንብ ይንቀሳቀሳሉ ተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ የሚያወጡትን አውታሮች የሚያንቀሳቅስ ነርቭ በሁለቱም በኩል አለ። ከላይ ወርዶ፣ ደረት አካባቢ ከደም ሥር ሥር ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። የግራው ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ቅስት ነው የሚዞረው፤ ረዥም መንገድ ሄዶ በአየርና በምግብ ቧንቧው መካከል ተጠግቶ ይወጣል። የቀኙ ከፍ ብሎ ዞሮ፣ ሰያፍ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በግራ መግባት ለነርቩ ይሻላል ተብሎ ሲማሩት ኖረዋል። ሕመምተኞችን ያነጻጸሩ ጥናቶች ግን በሁለቱ መካከል ያን ያህል ግልጽ ልዩነት አላገኙም። በግራ ታችኛው አንገት ላይ ደግሞ የሊምፍ ቧንቧ አለ፣ እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሐኪም ደግሞ በቀኝ መሥራት ይቀለዋል። እንግዲህ ምርጫው እንደ ሐኪሙ ነው።

ቀድሞ የተቀደደ አንገት ላይ ግን ምርጫው እንደ ሐኪሙ አይደለም። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ያንኑ ነርቭ ሊነካው ይችላል። አንዳንዴ አንዱ አውታር ሽባ ሆኖ፣ ሌላው ለሁለቱም እየሠራ፣ ሰውየው ድምፁ ደህና ነው ብሎ ይኖራል። ሐኪሙ ሳያይ በደህነኛው በኩል ቢገባና እሱም ቢነካ፣ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ መተንፈስም ያስቸግራል። አንዱ ሽባ ከሆነ በዚያው በተጎዳው በኩል ነው የሚገባው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጠባሳ በሌለበት ባልተነካው በኩል መሄድ ይቀላል። ለእኔም እንዲያ ሆነ፤ በግራ ገቡ።

እንቅርት በደጋው አገራችን ስንቱን እንዳስቀደደ ታውቃላችሁ። አዮዲን በማጣት የመጣ ነው። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ሸዋ፣ ሐረርጌ፣ የትም ብትሄዱ አንገቱ ላይ ያንን ጠባሳ የያዘች ሴት አታጡም። እነዚያ ሴቶች ዛሬ ዕድሜያቸው ሄዶ የዲስክ ዕድሜ ላይ ናቸው። የእናንተ ዓምድ ጸሐፊ ይሄን ቢያነሱልን እንዴት ጥሩ ነበር! የመጀመሪያው ሆስፒታል ስለ እንቅርቴ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ነው የተሸኘሁት።

ከኋላ የሚገባም አለ። ብዙ ቦታ ላይ ከተጫነና ጫናው ከኋላም ከሆነ፣ አንገቱም ወደ ፊት ያልጎበጠ ከሆነ ይመረጣል። ማጅራት መሃል ላይ ቁመቱን ነው የሚቀዱት። ጠባሳው በፀጉርና በነጠላ ይሸፈናል፣ ድምፅና ጉሮሮም አይነካም። ታዲያ ሁሉም በኋላ ለምን አይሠራም? ጡንቻው ከአጥንቱ ላይ መገለጥ አለበት። ሕመሙ ይጠናል፣ ቁስል የማመርቀዝ ዕድሉም ከፊቱ ይበልጣል። የማይታየው ጠባሳ የበለጠ የሚያመው ነው።

ከፊት የተሠራ ሰው የሚቸገረው በመዋጥ ነው። ይሄን ማንም ቢደብቃችሁ አትመኑ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ የምግብ ቧንቧው ተገልጦ ስለቆየ ነው። በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይለቃል፤ ጥቂት ሰው ላይ ግን ይቆያል። እኔ በአጥሚትና በሽሮ ፍትፍት ነው የከረምኩት። እንጀራው በደንብ ካልራሰ አይወርድም። ድምፄም ሻክሮ ነበር። አስቀድሞ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም።

አንድ ነገር ግን ለእኛ ዳር ለምንኖረው ይለያል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ሰዓቶች፣ በተለይ በመጀመሪያው ቀን፣ ቁስሉ ውስጥ ደም ሊጠራቀም ይችላል። የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው። ካጋጠመ ግን አንገቱ ያብጣል፣ የአየር ቧንቧውን ይጫነዋል፣ እዚያው ቶሎ መከፈት አለበት። ሆስፒታል ያለ ሰው ይደረስለታል። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ፣ በቱሉ ዲምቱ አደባባይ በሲኖትራክ መሃል፣ በቃሊቲ አድርጎ ሆስፒታል የሚደርስ ሰውስ? ሌሊት ራይድ ብትጠሩ ሹፌሩ ሰፈሩን ሲሰማ ይሰርዛል። 907 ብትደውሉም አምቡላንሱ ይሄንኑ መንገድ ነው የሚመጣው። አልጋ ተጣበበ ተብሎ ቶሎ ቤትሽ ግቢ የሚባለው እንዲህ ዓይነት ሰው መሆን የለበትም። ሐኪሙ ስትወጡ ቤታችሁ የት እንደሆነ ካልጠየቃችሁ፣ እናንተ ንገሩት። ቦሌ የሚኖርና ኮዬ የሚኖር እኩል ቀን መውጣት የለባቸውም። ማበጥ፣ መታፈን፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ እጅ ወይም እግር ድንገት መድከም ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጥያቄዬ ለእናንተም ለሆስፒታሎችም ነው። የስምምነት ፎርሙ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ ሰፈራችን ሁለቱንም ይናገራል። የአንገት ሥዕል ይኑርበት፣ ሐኪሙ የሚቀድበትን መስመር ይሳልበት፣ ለምን ከፊት ወይም ከኋላ፣ ለምን በቀኝ ወይም በግራ እንደሆነ አንድ መስመር ይጻፍበት። ዶክተሩ ለእኔ የሣሉት ወረቀት ብዙ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። አሁን ሱቄ ውስጥ መሳቢያ ላይ ነው፤ ጎረቤቶቼ እየተዋሱ ያዩታል፣ አንዷ ጋ ደግሞ ከርሞ ስላልተመለሰ ፎቶ ኮፒ ላደርገው አስቤያለሁ። ዓምዱ ላይ ለሚጽፉት ባለሙያ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ በሚቀጥለው ስለ ኋላው ኦፕራሲዮን ይጻፉልን። የሹፌሩ ወንድም ከኋላ ይሠራል ተብሎ ቀጠሮ ይዟል፣ እኔን እየመጣ ይጠይቀኛል፣ እኔ ደግሞ የማውቀው እዚህ የጻፍኩትን ያህል ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ልብስ ሰፊዋ ከኮዬ ፈጬ